ክለቡ ዝም ሲል፦ ከአንድ የአርሰናል ደጋፊ ተሞክሮ

የእንግሊዝ የዝውውር መስኮት የሚከፈተው እኛ ዘንድ ክረምት ሲገባ፣ የሚዘጋውም ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ነው። እነዚያን ሳምንታት በአርሰናል ደጋፊነት አዲስ አበባ ላይ ያሳለፈ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ሬዲዮው ስለ ዝውውር ያወራል፣ ቴሌግራሙ ስለ ዝውውር ያወራል፣ የታክሲ ረዳቱ ሳይቀር «ዛሬስ ማን ፈረመ?» ይላል። ክለቡ ግን ዝም። ያኔ ደጋፊው ለእንቁጣጣሽ አዲስ ልብስ ያልተገዛለት ልጅ ይሆናል፤ የጎረቤት ልጆች ለብሰው ሲወጡ እያየ ያኮርፋል።

ይህን ኩርፊያ ከቲዬሪ ሄንሪ ዘመን ጀምሮ አይቼዋለሁ፣ ተካፍዬዋለሁም። ከዚያ ሁሉ ክርክር ውስጥ ዛሬም የምጠቀምባቸውን ትምህርቶች እነሆ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ስንት ሰው መጣ ሳይሆን ምን ጎደለ ብሎ መጠየቅ

በ2003 ክረምት ሮማን አብራሞቪች ቼልሲን ገዛና ለተጫዋቾች ከ100 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ አፈሰሰ። ቬሮን መጣ፣ ክሬስፖ መጣ፣ ማኬሌሌ መጣ። አርሰናል ዴቪድ ሲማን ሲለቅበት በቦታው ጀርመናዊውን ግብ ጠባቂ የንስ ሌማንን በትንሽ ገንዘብ አመጣ፤ በዚያ ክረምት ለዋናው ቡድን ያስፈረመው ትልቅ ስም እሱ ብቻ ነበር። ቡድኑ በዚያው የውድድር ዓመት 26 ጨዋታ አሸንፎ፣ 12 አቻ ወጥቶ፣ አንድም ሳይሸነፍ ዋንጫውን አነሳ።

በ2015 ክረምትም አርሰናል ዝም አለ። በዚያ መስኮት ያስፈረመው ትልቅ ተጫዋች እንደገና ግብ ጠባቂ ነበር፦ ከቼልሲ የመጣው ፒተር ቼክ። ከግብ ጠባቂ ውጪ ለዋናው ቡድን አንድም ሰው አልተጨመረም። የዚህኛው ዝምታ መጨረሻ ግን እንደ መጀመሪያው አላማረም። ኅዳር ላይ ፍራንሲስ ኮክላን ተጎዳ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሳንቲ ካዞርላ ተከተለው። የመሀል ሜዳው ሞተር ቆመ፤ ተተኪ አልነበረም። የሚያንገበግበው ደግሞ ሻምፒዮን የሆነው ሌስተር ሲቲ በዚያ የውድድር ዓመት በሊጉ የተሸነፈው ሦስት ጊዜ ብቻ መሆኑ ነው፤ ከሦስቱ ሁለቱን ያሸነፈው አርሰናል ነው። ፊት ለፊት ተገናኝተን ሁለቴ የረታነው ቡድን በ10 ነጥብ በልጦን ዋንጫውን ወሰደ። ዋንጫው ያመለጠን ከሌሎች ጋር በተጫወትንባቸው፣ አግዳሚው ወንበር በሳሳባቸው ሳምንታት ነው።

ሁለቱም ክረምቶች ከላይ ሲታዩ አንድ ናቸው፦ አንድ ግብ ጠባቂ፣ ሌላ ምንም። ልዩነቱ በ2003 ሄንሪ፣ ፒሬስ፣ ቪየራ፣ በርካምፕ፣ ሊዩንበርግ አብረው ኖረው የበሰሉበት ቡድን ስለነበር የጎደለው በእርግጥም ግብ ጠባቂ ብቻ መሆኑ ነው። በ2015 ግን መሀል ሜዳውና የአጥቂው ቦታ ክፍት እንደሆኑ ቀርተዋል። ስለዚህ አሁን አንድ ሰው «ክለባችሁ አንድ ሰው ብቻ ነው ያስፈረመው» ሲለኝ አልደነግጥም፤ «ያ አንዱ የገባው የጎደለው ቦታ ላይ ነው ወይ?» ብዬ እጠይቀዋለሁ።

2. ቁጣን ከቀን መቁጠሪያ ጋር ማስተያየት

ደጋፊ ሲናደድ ጊዜ ያደባልቃል። የጥር 2025ን መስኮት የማነሳው ለዚህ ነው፤ በእኛ ሰፈር ክርክሩ እስከ ዛሬ አልበረደም።

ነገሩን በቅደም ተከተል እንየው። ዲሴምበር 21 ቡካዮ ሳካ ክሪስታል ፓላስ ላይ ተጎድቶ ለወራት ወጣ። ጃንዋሪ 12 በኤፍኤ ካፕ ከማንችስተር ዩናይትድ ጋር ስንጫወት ጋብሬል ጄሱስ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። መስኮቱ ሊዘጋ ገና ሦስት ሳምንት ነበረው። ክለቡ ለአስቶን ቪላው ኦሊ ዋትኪንስ ጥያቄ አቀረበ፤ ቪላ እምቢ አለ። ፌብሩዋሪ 2 ማንችስተር ሲቲን 5 ለ 1 ደበደብነው፤ ማይልስ ልዊስ ስኬሊና ኢታን ንዋኔሪ የሚባሉ ከአካዳሚ የወጡ ልጆች ሁለቱም አገቡ። በማግስቱ መስኮቱ ማንም ሳይፈርም ተዘጋ። የሲቲው ድል ገና ከአፋችን ስላልወጣ ብዙ ሰው «ችግር የለም» አለ።

ከዚያ ጋብሬል ማርቲኔሊ ኒውካስል ላይ ተጎዳ። ቀጥሎ ቡድኑ ዱባይ ለልምምድ ሄዶ ካይ ሃቨርትዝ የታፋ ጡንቻው ተበጠሰ። አርሰናል ያለ አንድም እውነተኛ ዘጠኝ ቁጥር ቀረ። ሌስተር ላይ አማካዩ ሚኬል ሜሪኖ ተቀይሮ ገብቶ በአጥቂነት ሁለት አገባና «አገኘን!» ተባለ። በሚቀጥለው ሳምንት በሜዳችን በዌስትሃም 1 ለ 0 ተሸነፍን፤ ከኖቲንግሃም ፎረስት ጋር ያለ ግብ ተለያየን። የሊጉ ነገር በእነዚያ ቀናት አበቃ። በመጨረሻ ሊቨርፑል በ84 ነጥብ አንደኛ፣ እኛ በ74 ሁለተኛ ሆንን።

አሁን ቁጣውን እንለየው። «ሃቨርትዝ እንደሚጎዳ እያወቁ አጥቂ አልገዙም» የሚለው ክስ ፍትሐዊ አይደለም፤ ሃቨርትዝ የተጎዳው መስኮቱ ከተዘጋ በኋላ ነው። «ጄሱስ ከተጎዳ በኋላ ሦስት ሳምንት ነበራችሁ፤ አንድ አጥቂ ብቻ ይዛችሁ ወደ ፌብሩዋሪ ገባችሁ» የሚለው ክስ ግን ሚዛን ይደፋል። ክለቡ በዚያ ጊዜ የሚያውቀውን አውቆ የወሰነው ነውና። አሠልጣኙ አርቴታ ራሱም ሰው ባለመጨመሩ ቅር መሰኘቱን አልደበቀም። እኔ በዚህ መንገድ ለይቼ ስከራከር የተቃራኒ ክለብ ደጋፊ እንኳን ያዳምጠኛል። ሁሉን በአንድ ጆንያ ከትቶ የሚጮኽ ሰው ግን እውነት የያዘበትም ክስ አብሮ ይናቅበታል።

3. አዲሱ ተጫዋች ቤት ውስጥ ሊኖር ይችላል

ለተቀናቃኝ መመስከር ደስ ባይልም ሊቨርፑል በዚህ ጉዳይ አስተማሪ ነው። በ2024 ክረምት አሠልጣኙ የርገን ክሎፕ ሄዶ አርነ ስሎት መጣ። ደጋፊው ሲጠብቀው የነበረው ተከላካይ አማካይ ማርቲን ዙቢሜንዲ «ሪያል ሶሲዳድ ይበቃኛል» ብሎ ቀረ። በዚያ መስኮት መጥቶ ለዋናው ቡድን የተመዘገበው ፌደሪኮ ኬዛ ብቻ ነበር፤ እሱም እምብዛም አልተሰለፈም። ግብ ጠባቂው ማማርዳሽቪሊ የተገዛው ለሚቀጥለው ዓመት ነው። የማውቃቸው የሊቨርፑል ደጋፊዎች ያን ክረምት እንደ ሐዘንተኛ አሳልፈውታል።

ስሎት የዙቢሜንዲን ቦታ ለራያን ግራቨንበርህ ሰጠው። ከአንድ ዓመት በፊት ከባየርን ሙኒክ መጥቶ ቋሚ ቦታ ያላገኘ ልጅ ነበር። በዚያ ቦታ ላይ የሊጉ ምርጥ ከሚባሉት አንዱ ሆነ። መሐመድ ሳላህ በሊጉ 29 አግብቶ 18 አመቻቸ፤ ሊቨርፑልም ኤፕሪል 27 ቀን 2025 ቶተንሃምን 5 ለ 1 አሸንፎ አራት ጨዋታ እየቀረው ዋንጫውን ወሰደ።

በሚቀጥለው ክረምት ይኸው ክለብ ከ400 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ አወጣ። ፍሎሪያን ቪርትዝ መጣ፤ አሌክሳንደር ኢሳክ በ125 ሚሊዮን ፓውንድ የእንግሊዝን የዝውውር ክብረ ወሰን ሰብሮ መጣ። ከሴፕቴምበር ማብቂያ ጀምሮ በሊጉ አራት ጨዋታ በተከታታይ ተሸነፉ። ዲዮጎ ጆታን በመኪና አደጋ ያጣ ቡድን ስለነበረ ሁሉን በገበያው ብቻ ማስረዳት ነውር ነው። ሆኖም ሁለቱን ክረምቶች ጎን ለጎን ያየ ሰው የግዢ ብዛትና የነጥብ ብዛት አብረው እንደማይጓዙ ይቀበላል።

የእኛ ልዊስ ስኬሊም እንዲሁ ነው። የግራ ተከላካዮቻችን ባይጎዱ ኖሮ የመሀል ሜዳው ልጅ ወደዚያ ቦታ ባልተሰደደ ነበር። ዝም ያለ መስኮት ለአካዳሚ ልጅ በር ይከፍታል፤ በሩ ሲከፈት የሚገባ ልጅ መኖሩ ግን የዓመታት ሥራ ውጤት ነው። አካዳሚው ባዶ የሆነ ክለብ «ልጆቹን እናምናለን» ቢል አልሰማውም።

4. የዝምታ ዕዳ ዘግይቶ ይመጣል

ስለ ቶተንሃም በጎ ነገር ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ግን እውነት ነው። በ2018 ክረምት ቶተንሃም አንድም ሰው ሳያስፈርም ቀረ። የክረምቱ መስኮት በደንብ ከታጠረበት ከ2003 ወዲህ ይህን ያደረገ የመጀመሪያው የፕሪሚየር ሊግ ክለብ ነው። ገንዘቡ ወደ አዲሱ ስታዲየም እየሄደ ነበር። ጥር ላይም ማንም አልመጣ፤ እንዲያውም ሙሳ ዴምቤሌ ወደ ቻይና ሄደ። ሆኖም ቡድኑ ሉካስ ሞራ አምስተርዳም ላይ በሠራው ሐትሪክ አያክስን ጥሎ ለቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ ደረሰ። ማድሪድ ላይ በሊቨርፑል 2 ለ 0 ቢሸነፍም «ሳይገዙም ይቻላል» ለሚሉ ትልቅ ማስረጃ ሆነ።

ማስረጃው ግን ጎዶሎ ነበር። ከፍጻሜው ጥቂት ወራት በኋላ በኅዳር አሠልጣኙ ፖቸቲኖ ተሰናበተ፤ ቡድኑ 14ኛ ደረጃ ላይ ነበር። አንድ ቡድን ሳይታደስ አብሮ ሲቆይ ተጫዋቾቹ ያረጃሉ፣ ኮንትራታቸው ያልቃል፣ የአሠልጣኙ ቃል ይሰለቻቸዋል። ይህ ሁሉ በአንድ ክረምት አይታይም። ስለዚህ ዝም ያለ መስኮት ጥሩ ነበር ወይስ መጥፎ የሚለውን በሚቀጥለው ግንቦት ብቻ አልፈርድም፤ ከግንቦቱ ቀጥሎ ያለውን ኅዳርም እጠብቃለሁ።

5. ጩኸት ግዢ ያመጣል፤ ትክክለኛውን ግዢ ማምጣቱ ግን ሌላ ነገር ነው

በ2019 ክረምት የአርሰናል ደጋፊ ማኅበራት በአንድ ድምፅ መግለጫ አወጡ። ባለቤቱ ስታን ክሮንኬ ለክለቡ ግድ የለውም የሚል ነበር ጭብጡ። ከሳምንታት በኋላ ኒኮላ ፔፔ በ72 ሚሊዮን ፓውንድ መጣ፤ የክለቡ ክብረ ወሰን ነበር። አዲስ አበባ ላይ ያን ቀን ያልጨፈረ የአርሰናል ደጋፊ ማግኘት ከባድ ነበር። በ2023 ኮንትራቱ በስምምነት ተቋርጦ ሄደ፤ ክለቡ በምትኩ ምንም አላገኘም።

በዚያው ክረምት ጭብጨባ ያላገኙ ሁለት ልጆች ፈርመው ነበር። ጋብሬል ማርቲኔሊ ከብራዚሉ ኢቱዋኖ በ6 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ መጣ። ዊሊያም ሳሊባ ደግሞ ተፈርሞ ለአንድ ዓመት ወደ ሴንት ኤትየን በውሰት ተመለሰ፤ ብዙ ደጋፊ «አሁን የማይጫወት ሰው ምን ያደርግልናል?» ብሎ ተቆጣ። ሳሊባ ዛሬ የመከላከያው ምሰሶ ነው።

ደጋፊ ዝም ይበል እያልኩ አይደለም። ያ መግለጫ ተገቢ ነበር፤ ክለቡ ለዓመታት ቁልቁል ሲወርድ ነበርና። ግን ጩኸታችን «ገንዘብ አውጡ» ብቻ ከሆነ ክለቡ ቀላሉን መንገድ ይመርጣል፦ አንድ ውድ ስም ገዝቶ አፋችንን ይዘጋል። «የተጫዋች ምልመላው በማን እጅ ነው? ዕቅዱ ምንድን ነው?» ብለን ስንጮህ ነው የምር መልስ የሚመጣው።

6. ሒሳቡን ማወቅ

ስለ ዝውውር የሚከራከር ሰው ሁለት ነገር ቢያውቅ ግማሹ ጭቅጭቅ ይቀራል።

የመጀመሪያው የተጫዋች ዋጋ በክለቡ መዝገብ ላይ የሚሰፍርበት መንገድ ነው። በ50 ሚሊዮን ፓውንድ በአምስት ዓመት ኮንትራት የተገዛ ሰው በየዓመቱ 10 ሚሊዮን ወጪ ሆኖ ይመዘገባል፤ ደመወዙ ለብቻው ነው። ከአካዳሚ የወጣ ልጅ በ30 ሚሊዮን ሲሸጥ ግን የግዢ ዋጋ ስለሌለው 30 ሚሊዮኑ በሙሉ በአንድ ጊዜ ትርፍ ይሆናል። ክለቦች ያሳደጓቸውን ልጆች ለመሸጥ የሚቸኩሉት ስለዚህ ነው፤ ደጋፊው አለቀሰም አላለቀሰም።

ሁለተኛው የኪሳራ ገደብ ነው። በእነዚያ ዓመታት በሠራው የፕሪሚየር ሊግ ደንብ አንድ ክለብ በሦስት ዓመት ውስጥ ሊያሳየው የሚችለው ኪሳራ ጣሪያው እስከ 105 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። ማስፈራሪያ ብቻ አልነበረም፦ በ2023/24 ኤቨርተን መጀመሪያ 10 ነጥብ ተቀንሶበት በይግባኝ 6 ሆነለት፣ ኋላም ሌላ 2 ተቀነሰበት፤ ኖቲንግሃም ፎረስት 4 ነጥብ አጣ። ጥር 2024 መላው ሊግ ጸጥ ያለው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ይህ ሁሉ ግን ለክለብ ባለቤቶች መሸሸጊያ እንዲሆን አልፈቅድም። ደንቡ ሁሉንም ይገዛ ነበር፤ ቢሆንም በርካሽ ገዝቶ ያሳደገ ክለብ አለ። ሌስተር ያን የ2016 ዋንጫ ሲያነሳ አጥቂው የነበረውን ጄሚ ቫርዲን ያመጣው ከሊጉ ውጪ ከነበረው ፍሊትውድ በ1 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። «ገንዘብ የለም» የሚል ክለብ ቢያንስ «ዓይንም የለንም» ማለት አይችልም።

7. የመጨረሻዋን ሌሊት መተኛት

የእንግሊዝ መስኮት ለረጅም ዓመታት የሚዘጋው በእነሱ ሰዓት ከምሽቱ 5 ነበር። በእኛ ያ ክረምት ላይ ከሌሊቱ 7 ሰዓት፣ ጥር ላይ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ማለት ነው። ስንቱ ሰው ስልኩን እየነካካ «ሂር ዊ ጎ» የሚለውን የዝውውር ዘጋቢውን የፋብሪዚዮ ሮማኖን ቃል ሲጠብቅ አንግቶ በማግስቱ ሥራ ላይ አንቀላፍቷል! ከ2025 ክረምት ጀምሮ ሰዓቱ ወደ ምሽት መምጣቱ ለእኛ ትልቅ ውለታ ነው፤ ክረምት ላይ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተቆጥቶ በጊዜ መተኛት ይቻላል።

በመጨረሻዋ ቀን የሚገዛ ሁሉ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። በ2011 ኦልድ ትራፎርድ ላይ በማንችስተር ዩናይትድ 8 ለ 2 ከተዋረድን በኋላ የወቅቱ አሠልጣኝ ቬንገር በጥቂት ቀናት ውስጥ ያገኘውን ሰበሰበ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው ፓርክ ቹ ያንግ በሊጉ አንድ ጨዋታ ላይ ተቀይሮ ገብቶ ነው የቀረው። ግን በዚያው ጥድፊያ ፐር ሜርተሳከር መጣ፤ በመጨረሻዎቹ ሰዓታት ደግሞ ከኤቨርተን አንድ ስፔናዊ አማካይ መጣ። ስሙ ሚኬል አርቴታ ነው። ጥር 2025 ላይ አጥቂ ሳያገኝ የቀረው አሠልጣኝ ራሱ ወደ ክለቡ የገባው በሩ ሊዘጋ ሲል ነው።

ከወሬው ግን ብዙ አይገኝም። ወኪል ደንበኛው አዲስ ኮንትራት እንዲያገኝ የሌላ ክለብ ስም ያስወራል፤ ሻጩ ክለብ ዋጋ እንዲጨምርለት «ሦስት ፈላጊ አለ» ያስብላል። እኛ የምንቆጣው ብዙውን ጊዜ ሊሆን ታስቦ በማያውቅ ዝውውር «መክሸፍ» ነው። ፎቶ ተነስቶ ማሊያ እስኪይዝ ድረስ ያለው ሁሉ ወሬ ነው።

8. በሦስት ጥያቄ መፍረድ

አሁን መስኮት በተዘጋ ማግስት ክለቤን የምመዝነው በሦስት ጥያቄ ነው። ቀዳዳው የት ነበር? ክለቡ ያንን ቀዳዳ ከመቼ ጀምሮ ያውቀዋል? ቤት ውስጥ ሊሸፍነው የሚችል ሰው ነበር ወይ?

አርሰናል 2003፦ ቀዳዳው ግብ ጠባቂ፣ ተሸፈነ፤ አለፈ። ሊቨርፑል 2024፦ ቀዳዳው ተከላካይ አማካይ፣ የሚሸፍነው ቤት ውስጥ ነበር፤ አለፈ። አርሰናል 2015፦ ቀዳዳው አጥቂና አማካይ፣ ሁሉም ያውቀዋል፣ የሚሸፍን የለም፤ ወደቀ። ጥር 2025ን ብዙ ጓደኞቼ «ሜሪኖ ሸፈነው እኮ» ብለው ሊያሳልፉት ይሞክራሉ። እውነት ነው፣ ሪያል ማድሪድን 3 ለ 0 ባሸነፍንበት ሌሊት ሦስተኛዋን ያገባው እሱ ነው። ነገር ግን መስኮቱ ሲዘጋ ሜሪኖ አጥቂ መሆን እንደሚችል የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ የተገኘው ችግር ሲጠና ነው። ዕድል ያወጣውን ነገር የዕቅድ ውጤት አድርጌ ለክለቡ አልቆጥርለትም። ያ መስኮት በእኔ ሚዛን ወድቋል፤ ቡድኑ ለቻምፒየንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ ቢደርስም።